የግራው ጎማ ኩሽኔታ

አባቴን በሰው ፊት ዋሾ ብያቸዋለሁ። ይህን ሳልናገር መሞት አልፈልግም።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባባ ማን ዘንድ ይኑሩ የሚለው ነገር ተነሳ። ወንድሜ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ጣሪያውን አየች። እኔ ግን ዘመድ በተሰበሰበበት ደረቴን መታሁ።

«አንድ ትርፍ ክፍል ቢኖረኝ ኖሮ ለማንም አልሰጣቸውም ነበር!»

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ክፍሉን በመኪናው እየጎተተ አባባ ቤት መጣ። አልጋ፣ ምድጃና መስኮት ያለው ተጎታች ቤት ነው።

«ግቢሽ ውስጥ ይቆማል። ክፍል አልሽ፣ ክፍሉ ይኸው!» አለ።

እልል አልኩ።

አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ጎማ ሲፈቱ መፍቻ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። ተጎታቹን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ስጎትት ኖሬ በስተርጅና ልጎተት?» አሉ። ወንድሜ ይህችን ቃል በልቡ ያዛት።

ተጎታቹን ይዘን ወደ እኔ ቤት በተነሳንበት ዕለት አባባ ከመኪናው ኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጫማቸው ፊት ያሳያል፤ ጣቶቻቸው ግን ጠቁረዋል። ወንድሜ ጣቶቻቸውን አየና ሞተሩን አስነሳ።

«ቀስ በል» አልኩት። ትንሽ እንደሄድን ደግሜ፣ «ኧረ ቀስ በል!»

«እቴ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ወደ ኋላ መሄዴ ነው።»

መንገዱን እንዳጋመስን ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ።

«አባባ አንኮራፉ» አለ ወንድሜ።

«ነቅቻለሁ። የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ አቁም!» አሉ አባባ።

«እንዴት አወቁ?»

«ጆሮ አለኛ!»

የግራው ጎማ ይጨሳል። ወንድሜ መሃሉን ነካ አደረገና ዘሎ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ።

ደውለን ከቅርብ ከተማ ያስመጣነው መካኒክ ተጎታቹን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኗል።

«ማለስለሻው ግራሶ አልቆ አይደለም» አለ። «በጨርቅ ተጠርጎ ነው፤ ክሩ እንኳ እዚህ ቀርቷል። ይህን ያደረገ ሰው ሥራውን ያውቃል።»

ወንድሜ ወደ አባባ ዞረ። «እጅዎን እስቲ ያሳዩን!»

«እኔ? በገዛ መኝታዬ ላይ? ይሄማ ቀለም ነው፣ የጫ...»

«አባባ!» ብዬ አቋረጥኳቸው። «መሄድ ካልፈለጉ በአፍዎ አይነግሩንም? ዋሾ ነዎት!»

መካኒኩ አፍሮ መፍቻውን ይፈልግ ጀመር፤ መፍቻው በእጁ ነበር።

አባባ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«እሺ፣ ተያዝኩ። እኔ ነኝ። መጎተቱን ልቤ እምቢ አለኝ። በሉ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ።»

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዲስ ኩሽኔታ ተገጠመ፤ ግራሶ ጠገበ፤ ወደመጣንበት ዞርን። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «የአባባ ተንኮል» እየተባለ ይወራል። እስኪያርፉ ድረስ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ግራሶውን የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ።