ከሦስት ሺህ ወዲያ

«ስንት ደረሰ?» ይላሉ ጎረቤቴ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከጥቁሩ ስክሪን ሳይነቅሉ።

«ከሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ውስጥ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ።» ቁጥር አንባቢው እኔ ነኝ። እሳቸው መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። እኔም ብሆን ከኮምፒውተር ነገር የምችለው ቁጥሩን ማንበብ ብቻ ነው።

ያለነው ኮምፒውተር ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰፈሩ «ዶክተሩ» ይለዋል፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጥም የሞተ ማሽን ያስነሳል። ጠረጴዛው ላይ በገመድ አስሮ ያስተኛው የእትዬን ሃርድ ዲስክ ነው። ሟች ባለቤታቸው ድምፅ መቅዳት ይወዱ ነበር፤ ዝናቡን፣ የበራችንን ሲጥሲጥታ፣ የእኔን ሳል ሳይቀር ቀድተዋል። በመጨረሻ ወራቸው ግን፣ ታመው ተኝተው ሳሉ፣ የሚቀዱት ለእትዬ ብቻ ነበር። እትዬ ዲስኩን ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበት ኖሩ። ዛሬ ጠዋት ለመስማት ጨክነው ቢያወጡት፣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ።

ዶክተሩ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ። ማሽኑ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ አዲስ ዲስክ ይገለብጣል፤ አንዱን በጨረሰ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። የሚሄደው ከድሮው ወደ ቅርቡ ነው። የእትዬ ከሦስት ሺህ ወዲያ ያሉት ናቸው።

«ከኋላ ብትጀምርልኝስ?» ብለውት ነበር።

«አሁን ካቋረጥኩት ዲስኩ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል፣ እትዬ። ዲስኩን እንዳትነኩት ብቻ» ብሎ ደንበኛ ጋ ሄደ።

ዲስኩን አልነካሁም። የነካሁት ማውሱን ነው። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ደርሷል» ብዬ ላሳያቸው ቀስቷን ቁጥሩ ላይ ወስጄ ጫን አደረግኳት። ትንሽ ነጭ ምልክት ዱብ አለች። 1906 ይላል።

ከዚያ ወዲህ 1906 ነው።

«አሁንስ?»

«እዚያው ነው። የኔ ሳል ላይ ደርሶ ይሆናል፤ እሷ ረጅም ናት።»

«ሳልህንማ በግድግዳው በኩል ሳውቃት ስንት ዘመኔ። ይህን ያህል አትረዝምም።»

ዲስኩ ቋ ይላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ቋ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ኀምሳ ደቂቃ ሄዷል። እትዬ በየመሐሉ ወደ ዲስኩ ጎንበስ ብለው፣ ታማሚ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ጆሯቸውን ይሰጡታል።

ዶክተሩ ገባ። ስክሪኑን አየና ቦርሳውን ሳያወርድ ቆመ።

«ማነው እዚህ ላይ የተጫነው?»

«ኧረ ዲስኩን አልነካንም» እላለሁ።

«ይህን ጥቁር መስኮት በማውስ ሲጫኑት ሥራው ይቆማል፣ ጋሼ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዲስኩ በከንቱ ነው የተሽከረከረው።»

አንዲት ቁልፍ ነካ፤ ነጯ ምልክት ጠፋች። 1907። 1908። ቁጥሩ ሮጠ። መዳፉን ዲስኩ ላይ አኖረና ወዲያው አነሳው፤ ምን ያህል እንደጋለ ፊቱ ላይ አየሁት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ቀኝ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ከደኑት። ይቅር ማለታቸው ይሁን ወይ ዘብ መቆማቸው፣ አላውቅም። አጥብቀው ነው የያዙት።

2400። 2700። ዲስኩ ቋ፣ ቋ ማለቱ እየተደጋገመ መጣ። ከሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ በኋላ አንዱ ቁጥር ከሌላው እየራቀ ሄደ። ዶክተሩ የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥቶ ወደ ዲስኩ አዞረ፤ ከዚያ በላይ የሚያደርገው ጠፍቶት እጁን ኪሱ ከተተ።

«ስንት ደረሰ?»

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰባት።»

«አሁንስ?»

«ሰማንያ ስምንት።»

ዲስኩ ዝም አለ። ማራገቢያው ብቻ ይሰማል። ነጯን ምልክት ስክሪኑ ላይ ፈለግኳት፤ የለችም። የዶክተሩ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። የኔ እጅ በእትዬ እጆች ሥር ነው።

«አሁንስ?» ይላሉ።

«ሰማንያ ስምንት» እላለሁ።