ከከበሮ የተሠራው ዉፈር

እንዳልካቸው ሱቅ የሚሸጠውን ዉፈር ሁሉ ይንቃል። «ካርቶን!» ይለዋል። ስለዚህ አዘዞ ለተከራያት ጠባብ ክፍል ቤዝ የሚያወጣ ዉፈር በገዛ እጁ ሠራ። ከደብሩ ጓሮ የተጣለ ያረጀ ከበሮ አነሳ፤ ሁለቱንም ቆዳ ገፎ ጣለና በአንዱ አፉ ጣውላ፣ በሌላው ርካሽ ስፒከር ገጠመበት።

አከራዩ እትዬ አየለች በር ላይ ቆመው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ በዐቢይ ጾም ከበሮ ይመታል እንዴ?»

«ይሄ ሳጥን ነው፤ እርስዎ ደሞ!» አለ እየሳቀባቸው።

ሲከፍተው ዘፈኑ ከትንንሾቹ ስፒከሮች ወጣ፤ ዉፈሩ ግን ጭጭ አለ። ስፒከሩን ፈቶ ፒያሳ፣ የሸጠለት አብዱልመናን ዘንድ ወሰደው። እዚያ ሲሞከር መደርደሪያውን አንቀጠቀጠው።

«ዕቃው ደህና ነው ወንድሜ።»

«አንተ ደሞ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለህ!» ብሎት ተመለሰ። ቤት ሲገጥመው ያው ጭጭ። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አንዴም አልተነፈሰም።

የፋሲካ ለት ጠዋት በንዴት ስፒከሩን ነቅሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሽቦውን እየጠቀለለ «የማይረባ!» ሲል የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ድም፤ ድም፤ ድም፤ ከባዶው ከበሮ ውስጥ። ጭኑ ላይ ያለው ስፒከር ንቅንቅ አላለም።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ!» አሉ እትዬ አየለች ከደጅ። «ሸጋ ነው፣ አሁን ሠራልህ!»