ጠግበው ነው

አባትየው ቡናማ አልጌ የሞላውን ባልዲ በሚያረባቸው ባለዛጎል የባሕር እንስሳት ገንዳ ላይ ሊደፋ ሲያዘነብል፣ ሴት ልጁ ክንዱን ለቀም አድርጋ ያዘችው። «ቆይ አባዬ!»

«ልቀቂኝ እንጂ፣ የቁርስ ሰዓታቸው አለፈ!»

በሌላ እጇ አንዱን ዛጎል ከውሃው አውጥታ አሳየችው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ይህን አልጌ ከባሕሩ ዳር እየቀዳ ማብላት የጀመረ ዕለት፣ ቅርፊቱ ጠርዝ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አስምራበት ነበር። ቢያድግ ኖሮ ቀዩን መስመር አልፎት ይሄድ ነበር። መስመሩ ግን ዛሬም እዚያው ጠርዙ ላይ ነው፤ የፀጉር ያህል እንኳ አልራቀም።

«ምን ጎደለባቸው?» አለ፣ ባልዲውን መሬት እያስቀመጠ። «ገና ሳፈስላቸው አፋቸውን ግጥም የሚያደርጉት ጠግበው አይደል እንዴ?»

የተዘጋውን ዛጎል መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ጠግበው አይደለም፣ አባዬ። እምቢ እያሉህ ነው።»