ሌላው ቅዱስ ኒኮላ

የአባቷ ስልክ የጮኸው እዚያው ጀልባዋ ላይ፣ ከዓሣ መጥበሻው አጠገብ ነበር። ኔዳ የራሷን ስልክ ከጆሮዋ አውርዳ ዘጋችው። በጀልባዋ ይዛቸው የመጣችው አገር ጎብኚ እንግዶች የትሮጊርን ከተማ ዞረው፣ አይስክሬማቸውን ልሰው ተመልሰዋል። የቀረው አባቷ፣ ሽማግሌው ፍራኔ ብቻ ነው።

«አባቴን ያየ አለ?» አለች። ያየ የለም። አደባባዩን፣ ገበያውን፣ ቡና ቤቱን ሁሉ ሮጣ አዳርሳለች። ያላየችው ጀልባዎቹ ተጠጋግተው ከታሰሩበት መሀል ያለውን ጥቁር ውሃ ነው። እሱን ለማየት ዐይኗ እምቢ አላት።

አባቷ ክረምቱን ታሞ ከተነሣ ወዲህ እጁ ይዝልበታል፤ ነገርም ይዘነጋል። ጠዋት ከከተማቸው ከስፕሊት ሲነሡ እንደ ልማዱ መሪውን ሊይዝ ሲል «አባዬ፣ ተው! የዚህ ጀልባ ካፒቴን አሁን እኔ ነኝ» አለችው፤ ያውም በእንግዶቹ ፊት። ዕድሜውን ሙሉ የነዳውን ሰው! ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ቀኑን ሙሉ ሲቆጫት ዋለ።

እንደ ምንም ጨክና ውሃው ላይ ልታጎነብስ ስትል የጀልባዋ መገናኛ ሬዲዮ ተንጫጫ።

«ቅዱስ ኒኮላ፣ ቅዱስ ኒኮላ! እኔም ቅዱስ ኒኮላ ነኝ!»

በዚያ ዳርቻ የኔዳን ጨምሮ የጀልባው ግማሽ ስሙ ቅዱስ ኒኮላ ነው፤ ባሕረኛ ጠባቂ ቅዱሱን ትቶ ሌላ ስም ማውጣት አይደፍርም። ድምፁ የያክሻ ነበር። እስከ ቅድም ድረስ ከጎናቸው ታስሮ የነበረው፣ ወደ ሾልታ ደሴት ሰው የሚያመላልሰው ነጭ ጀልባ የሱ ነው።

«አባቱ የጠፋበት ቅዱስ ኒኮላ የትኛው ነው?»

«ያክሻ! አንተ ጋ ነው? ደኅና ነው?»

«እሱማ ደኅና ነው፤ እኔ ነኝ ያለቅኩት! ከምሳ በኋላ ጋደም ሊል መጥቶ ጀልባ ተሳስቷል። ከገመድ ክምሩ ላይ ተኝቶ ሳላየው ይዤው ወጣሁ። አሁን ነቅቶ ‹ስፕሊት በዚያ በኩል ነው፣ አንተ ደንቆሮ! መንዳት ማን አስተማረህ?› እያለ ከመሪዬ ሊያስነሣኝ ነው። ኧረ ነይ ውሰጂልኝ!»

ሬዲዮ የከፈቱ ነጂዎች ሁሉ በየጀልባቸው ሳቁ። ኔዳ ግን ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ተመስገን፣ ተመስገን አለች።

ሁለቱ ቅዱስ ኒኮላዎች ከወደቡ ወጣ ብለው ተገናኙ። ባሕሩ ረጋ ብሎ ነበር። ያክሻ ሽማግሌውን ብብቱን ይዞ አሻገረው።

«አባዬ፣ ገደልከኝ እኮ!» ብላ ተጠመጠመችበት።

«ምን ላድርግ? ቅዱስ ኒኮላ ይላል፤ ተኛሁ።» ከዚያ እጆቿን አየ። «ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

«እንጃ፣ እምቢ አሉኝ። እስኪ መሪውን ያዝልኝ።»

የእውነቷን መሆኑን ለማወቅ ትክ ብሎ አያት። ባርኔጣውን አስተካከለና መሪውን ያዘ። ኔዳ እዚያው አጠገቡ፣ እንግዶቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አንዲት እንግዳ የቀዘቀዘ ዓሣና ዳቦ አምጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር።

ፍራኔ ሳይዞር ጠራት።

«ካፒቴን፣ ወደ ቤት ነው?»

«ወደ ቤት» አለችው፣ አፏ ዓሣ እንደ ሞላ።