ትልቁ ካሴት ያሸነፈበት ምክንያት

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እገድፋለሁ። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው ያቆምኩት፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

አባቴ የፊልም ካሴት ያከራይ ነበር። የሱ ካሴቶች ትንንሾቹ፣ ቤታ የሚባሉት ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ትልልቆቹን ያከራያል። አባቴ «የኔ ምስል ይጠራል» ሲል፣ አጎቴ «የኔ ፊልሙን ሳያቋርጥ ይጨርሳል» ይለዋል። ሲቀላለዱ እንጂ ሲጣሉ አይቼ አላውቅም።

አባቴ አዲስ ፊልም ፍለጋ ሲዞር ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። የተመለሱትን ካሴቶች ወደ መጀመሪያቸው አጠነጥናለሁ፣ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። እናቴ «ሱቁ ባይኖር ይህቺ ልጅ ትማር ነበር» ትላለች። አባቴ «ሱቁ ባይኖር ምን ትበላ ነበር?» ይላታል።

ክረምቱ ሲገባ ካሴቶቹ መበላሸት ጀመሩ።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ነርሷ መጣች። «ጋሼ፣ ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ምስሉ ጠፍቶ በረዶ ብቻ ሆነ። ከእንግዲህ ብርድ ልብስም አብረው ያከራዩን» አለችው።

አባቴ ሳቀ። በሳምንት ውስጥ ሰባት ካሴት ሲመለስበት ግን አልሳቀም።

ቴሌቪዥን ጠጋኙ አንዱን ፈታቶ አየው። «ክሩ ደህና ነው። ማግኔት ነው ያጠፋው። ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ነው» አለ።

«ማን?»

«እኔ እንጃ። ማን ይጠቀማል?»

አባቴ ቀና ብሎ ማዶ አየ። በአጎቴ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰልፏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀረ። አጎቴ መጥቶ «በእናታችን አጽም፣ አልነካሁም» ብሎ ማለ። አባቴ «ውጣልኝ» ብቻ አለው። ደንበኞቻችን ማጫወቻቸውን እየሸጡ የትልቁን ካሴት ገዙ። 

አንድ ጠዋት አባቴ የበሩን ብረት መቀርቀሪያ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። አጎቴ «ወንድምዓለም፣ ቁጭ በልና እንነጋገር» ሲለው ሰማሁ።

አባቴ ታሰረ። የአጎቴ ግራ ዓይን ጠፋ። ሱቃችን ተዘጋ።

እኔም ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። የአጎቴ የቀረው ዓይን ቶሎ ስለሚደክም፣ የካሴቶቹን ርዕስ የማነብለት እኔ ነኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይለኛል።

ሰው ሁሉ ትልቁ ካሴት ያሸነፈው ፊልሙን ሳያቋርጥ ስለሚጨርስ ነው ይላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አዎ እላለሁ።

በእኛ መንገድ ግን ያሸነፈው፣ ትምህርቴ ናፍቆኝ፣ ከተሰበረ ራዲዮ ማግኔት ፈትቼ የአባቴን ካሴቶች አንድ በአንድ ስላሸሁበት ነው።