ጉም የሚቆርጡት ሽማግሌ

ጨርቅ ቆራጫችን ጋሼ ሸሚዙን በትከሻው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርጉታል። በግራ በኩል የቁልፍ ቀዳዳ። በቀኝ በኩልም የቁልፍ ቀዳዳ። ቁልፍ የሚተከልበት ቦታ የለም።

«እስቲ ንገሩኝ፣ ይህን የሚለብሰው ሰውዬ በምን ይቆልፈው? በጸሎት?»

አክስቴ ካውያዋን አስቀምጣ ትስቃለች። ታናሻችን ድንቢጥ ግን አትስቅም። ቀዳዳዎቹን የሰፋችው እሷ ናት፤ ትናንት፣ ዘንዶው ድልድዩን ሲያፈርስ ከመጽሐፍ እያነበብኩላቸው ሳለ። ከምሳ በኋላ የስፌት መኪኖቹ ቆመው የእጅ ሥራ ሲጀመር እኔ አነባለሁ፣ የእኔን ድርሻ ደግሞ ሌሎቹ ይሰፉልኛል። ልማዳችን ነው።

የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ሸሚዙን ተቀብለው ያገላብጡታል። «እንግዲህ ጋሼ ይፍረዱ። ይቁም ካሉ ንባቡ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል።»

ይህ ክፍል ያለው አንድ መስኮት ነው፣ የሚያሳየውም የጎረቤትን ግድግዳ ነው። መጽሐፉ ከመጣ ወዲህ ግን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራራ አይቻለሁ። ቢቀርብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

«እኔ እውነቱን ልናገር» ትላለች አክስቴ። «ደራሲው ያንዛዛል። አንዲት በር ለመክፈት ስንት ገጽ! እሱ እስኪከፍታት እኔ የሱሪ ክምር ተኩሼ ጨረስኩ። ደግሞ የወደድኩትን ሁሉ ይገድልብኛል። ያቺ ጀልባ ቀዛፊ ምን አደረገችው?»

«ታዲያ ስትሞት ለምን አለቀሱ?» ትላታለች ድንቢጥ።

«የካውያው እንፋሎት ነው።»

እትዬ ፈገግ ይላሉ። ልጃቸው የደራሲውን መጻሕፍት ሁሉ ትራሷ ሥር ታስተኛለች፤ ባሏ የልጆች ተረት ነው እያለ ያበሽቃታል። በዚህ ደራሲ የተነሳ ሁለቱ ተኳርፈው ያደሩበት ቀን አለ።

«እኔ እንደሱ የሚጽፍ አላየሁም» ትላለች ድንቢጥ፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሳ።

«ስንት ደራሲ አንብበሻል?» ይላሉ ጋሼ።

«እሱን ብቻ።»

«ውሸታም ነው!» ይላሉ ጋሼ። «በዘንዶው ይዋሽ፣ ግድ የለኝም። በልብስ ግን አይዋሽም! ያቺ ንግሥት በዚያ ጠባብ ቀሚስ ፈረስ ላይ ስትወጣ፣ ጎኑ ሳይቀደድ እግሯን ከየት አመጣችው? ጨርቅ የማያውቅ ሰው፣ ሰው አያውቅም።»

ወደ ጠረጴዛቸው ይዞራሉ። የሙሽራዋ ነጭ ሐር ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ትርፍ የለውም፤ ቢበላሽ ሌላ አይገኝም። መቀሳቸውን ያነሳሉ።

«አንድ ገጽ አንብቢ። እኔ እየቆረጥኩ እሰማለሁ። ከረበሸኝ ያበቃል።»

«ጋሼ፣ በሙሽራዋ ቀሚስ?» ይደነግጣሉ እትዬ።

«በምን ልሞክረው ታዲያ? በጆንያ?»

መጽሐፉን ከፍቼ ገጹን አያለሁ። ዘንዶ የለም፣ ጦርነት የለም። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መቀስ። ደራሲው እንደ ልማዱ ሊያንዛዛ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ምነው ዛሬ እንኳ ቢያዝንልኝ!

«ሽማግሌው ጉሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው» ብዬ እጀምራለሁ፣ «ከእሱ ካባ ሊያወጣ።»

«ጉም ይቆረጣል?» ይላሉ ጋሼ ለራሳቸው። መቀሱ ሐሩ ውስጥ ይገባል።

«ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ዋጠ። መቀሱ መንገዱን እስኪጨርስ አይተነፍስም። ጉሙ እንዳይበተንበት ነው ይሉ ነበር ተማሪዎቹ። ሽማግሌው ግን ጉም በትንፋሽ እንደማይበተን ያውቃል። የማይተነፍሰው፣ ይህ ጨርቅ ዳግመኛ ሙሉ ስለማይሆን ነው። መቀሱ በገባ ቁጥር ጨርቁን ይቅርታ ይጠይቀዋል፤ ይህንንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም።»

የመቀሱ ድምፅ የለም። ቀና እላለሁ።

ጋሼ መቀሳቸውን ሐሩ መሃል ላይ አቁመዋል። መሃል ላይ የቆመ መቀስ ጨርቅ ይነክሳል ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ሲያቆሙ አይተናቸው አናውቅም። ደረታቸው ተነፍቷል፣ ከንፈራቸው ተገጥሟል። ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ስሰፋ፣ ሲቆርጡ እንደማይተነፍሱ አላየሁም ነበር።

ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው ያስወጡታል። «ማን ነገረው?»

መቀሱን ከሐሩ ያወጡታል።

«ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም» ይላሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። የመጽሐፉን ሽፋን በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ያዩታል። «ይሄ ሰውዬ… እዚህ ቤት ገብቶ ያውቃል?»

ያን ሁሉ ገጽ በር ሲከፍት የነበረው ሰውዬ፣ እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ያላየነውን አይቶባቸዋል።

እትዬ ጎንበስ ብለው ሐሩን ይመረምራሉ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ንክሻ አለች።

«ስፌቱ ውስጥ ትገባለች» ይላሉ ጋሼ ሳያዩዋት።

«ረበሸዎት ማለት ነው?» ይላሉ እትዬ።

«ረብሾኛል።»

መጽሐፉን እዘጋለሁ። ጣቴን ግን ከገጹ ላይ ማውጣት ያቅተኛል።

«ማን ዝጊ አለሽ?» ይላሉ። መቀሱን ንክሻዋ ላይ በጥንቃቄ መልሰው ይገጥሙታል። «ሽማግሌው ቆርጦ ይጨርሳል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ገጹን አላዞርኩትም።»

«አዙሪዋ። አብረን እንጨርስ።»

አዞራለሁ። ጋሼ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ መቀሱ መንገዱን ይጀምራል። የአክስቴ ካውያ አየር ላይ ቀርቷል፣ የድንቢጥ መርፌም። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ማንበብ ስላለብኝ፣ በክፍሉ ውስጥ የምተነፍሰው እኔ ብቻ ነኝ።