የተቆረጠው ድር

ጨርቁ ከሥሩ መብራት በሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ ያልፋል። እሷ አጎንብሳ እንከን ትፈልጋለች። ቋጠሮም ይሁን፣ የዘለለ ማግም ይሁን፣ የወፈረ ክርም ይሁን ግድ የላትም፤ ብቻ አንድ ነገር ይገኝ። ጨርቁ ግን ልሙጥ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ እንኳ የለውም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቅል ሲመጣላት «የሸመነችው እጇ ይባረክ» ብላ ታሳልፈው ነበር። የዚህኛው ጥቅል ካርድ ላይ ያለው ግን የዚያች ልጅ ስም ነው። ባሏን የወሰደችባት ልጅ።

«ወሰደችብኝ» የራሷ ቃል ነው። ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ ከቤት የወጣው ልጅቷ ገና እዚህ ፋብሪካ ሳትቀጠር ነው፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ቅናት መቼ ቀን ይቆጥራል? የሠራተኛው ሰርቪስ ሹፌር እሱ ነው። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እሷ ደግሞ ያንን ላለማየት ስትል በእግሯ እየመጣች ጫማ ጨርሳለች።

ፋብሪካው በሙሉ «ኤክስሬይ» ነው የሚላት። ከዓይኗ የሚያመልጥ እንከን የለም ይባላል። ዛሬ ታዲያ ይኸው፣ ጥቅሉ ሊያልቅ ነው፣ ምንም የለም።

ግራና ቀኝ አየች። የሚያያት ሰው አልነበረም። ማሽኑን አቆመች፣ የክር መቁረጫ መቀሷን አነሳችና ጥቂት የድር ክሮች ቆረጥ ቆረጥ አደረገች። ቀዳዳውን በጥፍሯ ሰፋ አደረገችው። ከሥር ያለው መብራት በቀዳዳው ሾልኮ ዓይኗን ወጋት።

«ኧረ ኑና ጉድ እዩ!» አለች። ድምጿ ለራሷም ቀጠነባት።

የክፍሉ አለቃ መጣ። አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ይቺ ልጅ የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ ምንም አልቀራትም ነበር እኮ! ይሄ ጨርቅ ሸሚዝ ሰፊዎቹ ዘንድ ቢደርስ ምን ይውጠን ነበር? ጥሩልኝ እስቲ!»

ልጅቷ ከሽመናው ክፍል እየሮጠች መጣች፤ ለማሽኑ ጩኸት ብላ ጆሮዋ ውስጥ የወተፈችውን ጥጥ እያወጣች፣ ፀጉሯ ላይ ብናኝ እንደተነሰነሰ። በቅርብ ስትታይ ደግሞ ይባስ ታምራለች። ኤክስሬይን ያንገበገባት ይሄ ነው።

ልጅቷ ቀዳዳው ላይ አጎንብሳ የክሮቹን ጫፍ በጣቷ ዳበሰች። በራሱ የተበጠሰ ክር ጫፉ ይሳሳል፣ ይንጨባረራል። እነዚህ ግን እኩል የተከረከሙ ናቸው። ቀና አለችና ኤክስሬይን አየቻት። ቀጥሎ የሴትየዋን እጅ አየች። መቀሱ እዚያው ነው።

«ምን ትያለሽ?» አለ አለቃው።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ድሩ ሲበጠስ ሳላየው አልፎኝ ነው።»

አለቃው ተነፈሰ። «በሉ ሁለታችሁ ሆናችሁ ጠግኑት። ተመልሼ ሳየው ጥገናው ከታወቀ ግን ልጄ፣ ማሽኑን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሎ ሄደ።

ኤክስሬይ ፊቷ ጋለ። «ለምን ዋሸሽ? አዘንሽልኝ? እኔ ያንቺን ሐዘኔታ አልፈልግም!»

«ምን አዝናለሁ እትዬ፣ ማንስ ለኔ አዘነልኝ» አለች ልጅቷ። «ብናገር ማን ያምነኛል? እሱ ራሱ ማታ ቤት ሲሰማ ‹እሷ እንዲህ አታደርግም› ነው የሚለኝ።»

«ማነው እሱ?»

«ማን ይሆናል! እኔ እኮ በእርስዎ ስም ስጠበስ ነው የምኖረው። ወጥ ስሠራ እርስዎ፣ ቤት ስጠርግ እርስዎ። ሸሚዙን አጥፌ ሳስቀምጥ ‹እሷ እንዲህ አልነበረም የምታጥፈው› ይልና አንስቶ ይበትነዋል። እዚያ ማሽን ላይ ቆሜ እንኳ ‹ይሄን እርስዎ ያዩታል› እያልኩ ነው የምሸምነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እስቲ በሞቴ ይንገሩኝና ልረፍ። እንዴት ነበር የሚያጥፉት?»

ኤክስሬይ ይህን ከልጅቷ አፍ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር! ደስታው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ልታጣጥመው ስትል ግን እዚያው ቆመባት።

«እኔ የሱን ሸሚዝ አላጥፍም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴት?»

«ገና እንደተጋባን አንዴ ባጥፍለት ‹እናቴ እንዲህ አልነበረም የምታጥፈው› ብሎ በተነው። ከዚያ ወዲህ አላስነካኝም፤ ራሱ ነበር የሚያጥፈው። እኔ ደግሞ ከአማቴ አይቼ ልማር ብዬ ዓመት ሙሉ እጃቸውን እጃቸውን ሳይ ከረምኩ።»

«እና እሳቸው እንዴት ነው የሚያጥፉት?»

«የት አጥፈው! እሳቸውማ ገመድ ላይ ነው የሚተዉት። የፈለገ ሄዶ ያወርዳል።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ከደነች። እንባው ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ጥርሷ ልብ ይሰርቃል፤ ኤክስሬይ ይህንንም አየችና ውስጧ እንደገና ቆንጠጥ አደረጋት።

ቢሆንም ከጥቅሉ ጫፍ ክር መዘዘች፣ ጫፉን በምራቋ አርጥባ መርፌው ውስጥ አስገባች።

«ወጠር አድርገሽ ያዢልኝ» አለች።

ልጅቷ ከወዲያ በኩል መጥታ ጨርቁን በሁለት እጇ ወጠረችው።